«ሃሎ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው አብሮት የሚውለውን ቃል አያውቀውም። «ሃሎ»ን ለምሳሌ፣ አገርህ የት ነው ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ስልኩ ይጮኻል፣ «ሃሎ» እንላለን፣ አለቀ። እኔ ግን ሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ጠይቄዋለሁ። ስልክ ሳይፈጠር ፈረንጅ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ማዶ ያለውን ቀዛፊ «ና አሻግረኝ!» ሲል የሚጮኸው ጩኸት ነበር ይላሉ። የእኛ ሰው ሐይቁ ዳር «ኧረ ባለታንኳ!» እንደሚለው መሆኑ ነው።

ጦርነቱ መጣ። ባለቤቴ ዘሐራ የታመሙ እናቷን ልትጠይቅ አገሯ አምባሰል፣ ውጫሌ እንደሄደች መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ውጫሌ እኮ ቅርብ ናት፤ ያን ሰሞን ግን ከመካ ይልቅ ራቀችብኝ። አንድ ማለዳ ናፍቆቱ ቢጠናብኝ ጓሮ ወጥቼ፣ የማይሠራውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ «ሃሎ ዘሐራ? እናትሽ ተሻላቸው?» አልኩ። እብደት ነው? ይሁን። የባሰው፣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በአጥር ሰሙኝ።

ወሬ ደግሞ መቼ ኔትወርክ ይፈልጋል! ፀሐይ ሞቅ ሳይል ሰፈሩ ስልክ ስልኩን ይዞ ደጄ ላይ ተሰበሰበ። ወላሂ ብቻዬን ነው ያወራሁት ብል ማን ይመነኝ? «ጋሽ ሰይድ፣ ኔትወርክም ይሰሰታል እንዴ?» እያሉ ገቡ። ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ምንም የለም። አሁን ሳቁብኝ ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ እትዬ አስካለ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ኮምቦልቻ የቀረ ልጃቸውን «ሃሎ አባቴ፣ በልተሃል?» አሉት። ከዚያ ሌላውም ቀጠለ፣ ሌላውም። የሳቀ አልነበረም።

ከእስጢፋኖስ ገዳም ሊጠይቁኝ የመጡት ወዳጄ መሪጌታ ይህን አይተው አጠገቤ ተቀመጡ። የባለታንኳውን ታሪክ አወራኋቸው፤ አልተቀበሉኝም። በግዕዝ «ሀሎ» ማለት «አለ» ማለት ነው፣ ፈረንጅ ከእኛ ነው የወሰደው አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪመሽ እከራከራቸው ነበር። ያን ቀን ግን ትርጉማቸውን ወደድኩት። «አለች፣ ኢንሻአላህ አለች» እያልኩ ከረምኩ።

መንገዱ ተከፍቶ ስልክ የተመለሰ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ዘልዬ አነሳሁት። «ሃሎ» አለች አንዲት ሴት። እሷ ትሆን? ያ ሁሉ ያጠራቀምኩት ናፍቆት ባንዴ ልውጣ ብሎ ተጋፋና፣ ከስንት ቃል መካከል «ማን ልበል?» የሚለው አመለጠኝ።

ከዚያ ያ የማውቀው የአምባሰል ቁጣ መጣ፦

«እንዴ! ለመሆኑ ስንት ሴት ነው የምትደውልልህ?»