ባለመከዳው የሰብሳቢ ወንበር

በሸዋ ሮቢት የታች ሰፈር መረዳጃ እድር የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች አጋዥ ዕቃ አከፋፋይ ኮሚቴ አራተኛ ስብሰባውን ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በእድሩ አዳራሽ አካሂዷል። ስብሰባው የተጠራው ለ8፡00 ሰዓት ሲሆን የአዳራሹ ቆርቆሮ እስኪበርድ ሲጠበቅ 8፡50 ሆኗል። ቆርቆሮው እንደማይበርድ በመረጋገጡ ተጀምሯል።

የተገኙ፦
አቶ ገብረሚካኤል፣ ሰብሳቢ (ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ)
ወ/ሮ ጌጤ፣ ምክትል ሰብሳቢ
አቶ አብዱልፈታህ፣ የንብረት ክፍል (የሽንኩርት ነጋዴ)
አቶ ረድዋን፣ የአካል ጉዳተኞች ተወካይ (በክራንች የሚሄዱ)
ፈለቀች፣ ጸሐፊ (ይህን የምጽፈው)

ያልተገኙ፦ አቶ ያሕያ። ለአስቸኳይ ጉዳይ ደብረ ሲና ወጥተዋል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ በስልክ ሲጠየቁ «ብርድ» ብለዋል።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

ኮሚቴው በተቋቋመ ሰሞን አንድ በጎ አድራጊ ሁለት ባለ አራት እግር መራመጃና አንድ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ባለመከዳ ወንበር መላኩ፣ አብሮ የመጣው የአጠቃቀም ወረቀት በባዕድ ቋንቋ በመጻፉ ሳይነበብ ወደ መዝገብ ቤት መመራቱ ለአባላቱ ተነበበ።

አንደኛው መራመጃ ለሁለት አዛውንቶች በፈረቃ መሰጠቱ ተወሳ። አንዱ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሌላው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ይራመዳሉ፤ እሑድ መራመጃው ያርፋል። ሁለተኛው መራመጃ እንዳያረጅ መጋዘን ተቆልፎበታል። ወ/ሮ ጌጤ ዕቃው የመጣው ያረጀ ሰው እንዲጠቀምበት እንጂ ራሱ ሳያረጅ እንዲኖር አይደለም ቢሉም ሰብሳቢው በሠላሳ ዓመት የመጋዘን ሥራቸው አንድም ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ በደህና ሲመለስ እንዳላዩ አስረድተዋል።

ባለመከዳው ወንበር ለኮሚቴው ሰብሳቢ መቀመጫ እንዲሆን መወሰኑም ተነበበ። ከወንበሩ ሥር ተሰክቶ የመጣው ክዳንና እጀታ ያለው ነጭ ባልዲ፣ ፋብሪካው የቆላ ሰው መሆናችንን አስቦ ያበጀው የውሃ ማቀዝቀዣ መሆኑ ስለታመነበት ለአባላት የሎሚ ውሃ መያዣ ሆኖ እያገለገለ ነው። ዛሬም ጠረጴዛው ላይ አለ።

አቶ ረድዋን ስለዚሁ ወንበር የሚናገሩት እንዳላቸው ገልጸው እጃቸውን አነሡ። ሰብሳቢው በልዩ ልዩ ላይ እንዲነሣ አዘዙ። አቶ ረድዋን ባለፉት ሦስት ስብሰባዎችም እንዲሁ መባላቸውን፣ ልዩ ልዩ ላይ ግን አንድም ቀን ተደርሶ እንደማያውቅ አስታወሱ። ሰብሳቢው ይህም ራሱ በልዩ ልዩ እንዲነሣ አዘዙ። ቃለ ጉባኤው ጸደቀ። የሎሚ ውሃ ታደለ። አቶ ረድዋን እንደ ወትሯቸው አልጠጡም።

2. የእትዬ ጣይባ ማመልከቻ

እትዬ ጣይባ ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ጎረቤታቸው ብርቱካን የጻፈችላቸው ማመልከቻ ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦

«ካቻምና የመስኖው ቦይ ላይ ወድቄ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ቁጢጥ ማለት አልችልም። ሽንት ቤት ለመሄድ ብርቱካንና ሌላ ጎረቤት ካልያዙኝ አይሆንልኝም። ብርቱካንም ሥራ ውላ ደክሟት ነው የምትመጣው። ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ከቀትር በኋላ ውሃ አልጠጣም። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ መሐሉ ክፍት፣ ከሥሩ ባልዲ ያለው ወንበር ሰጥተውኝ ነበር። አላህ ይስጣችሁና እንዲህ ያለ ካላችሁ ስጡኝ።»

በዚህ ግንቦት ከቀትር በኋላ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ከተማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አቶ አብዱልፈታህ መዝገቡን አገላብጠው መሐሉ ክፍት የሆነ ወንበር ገቢ አለመሆኑን አረጋገጡ። አቶ ረድዋን በዚህ ላይ አሁኑኑ መናገር አለብኝ ብለው በክራንቻቸው ወለሉን መቱ። ሰብሳቢው ወለል መምታት የስብሰባ ሥርዓት አለመሆኑን ገልጸው በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ አለፏቸው።

ሰብሳቢው ከባለመከዳው ወንበር ላይ ሆነው ኮሚቴው የሌለውን ዕቃ መስጠት እንደማይችል፣ ነገር ግን ለእናታችን ማዘኑን በደብዳቤ እንዲገልጽ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ጌጤ በደብዳቤ ላይ መቀመጥ እንደማይቻል ተናገሩ። አቶ አብዱልፈታህ ከእድሩ የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ መሐሉ በመጋዝ እንዲቀደድ ጠየቁ። ሰብሳቢው የለቅሶ ወንበር አይቀደድም አሉ። የተቀደደው ወንበር በስሕተት ድንኳን ውስጥ ገብቶ አንድ ለቀስተኛ ቢቀመጥበትስ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ ወስዷል።

ከዚያ ቀዳዳው ስንት ሳንቲ ሜትር ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተደረገ። አቶ አብዱልፈታህ በሽንኩርት ሳህን ልክ ይሁን አሉ። ወ/ሮ ጌጤ አያፍሩም ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ከረጅም ውይይት በኋላ አመልካቿ በአካል ቀርበው ልካቸው እንዲወሰድ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። አቶ ረድዋን ተቃውመዋል። እኔ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጌያለሁ፤ አሁን ሳስበው ተገቢ አልነበረም።

መራመድ የማይችሉ ሰው በአካል እንዴት ይቀርባሉ ለሚለው፣ ሰብሳቢው የእድሩ ቃሬዛ ሥራ ፈቶ መቀመጡን አመለከቱ። ከአቶ አብዱልፈታህ መጋዘን አራት ጫኞች ተልከዋል።

3. የሰብሳቢውን ወንበር በቋሚነት ስለመመዝገብ

ቃሬዛው እስኪመጣ ሰዓት እንዳይባክን ባለመከዳው ወንበር የሰብሳቢ ቋሚ መቀመጫ ሆኖ ተመዘገበ። አቶ ረድዋን እጃቸውን አነሡ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

9፡40 ላይ እትዬ ጣይባ በቃሬዛ ደረሱ፤ ብርቱካን በጎን ጥላ ይዛላቸዋለች። ብርቱካን እንዳስረዳችው ቃሬዛው በገበያው መሐል ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያሳለፋቸው ሲሆን ሁለት ሴቶች እንባ አውጥተዋል፣ አንድ ሰውም ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቋል። እትዬ ጣይባ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው «ሰዓቱን ገና አልቆረጥንም» ብለው መልሰውለታል።

አረጋዊት በመግባታቸው ጉባኤው «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ሰብሳቢውም ሳያስቡት ብድግ አሉ። እትዬ ጣይባ «አላህ ያኑራችሁ» ሲሉ ጫኞቹ በቅርብ ያገኙት ባዶ መቀመጫ ላይ አስቀመጧቸው። መቀመጫው የሰብሳቢው ነበር።

እትዬ ጣይባ የወንበሩን ክንዶች ዳሰሱ፤ እንደገና ዳሰሱ። ከዚያ «ብርቱካን፣ ይቺው ናት እኮ!» አሉ።

ሰብሳቢው ወንበሩ የጽሕፈት ቤት ዕቃ መሆኑን ለማስረዳት ሲጀምሩ አቶ ረድዋን ፈቃድ ሳይጠይቁ ቀረቡ። ብርቱካን እትዬን ብድግ አድርጋ እንድትይዝ ነግረው መከዳውን በክራንቻቸው ጫፍ አነሡት። ከመከዳው ሥር ምን እንዳለ ሁሉም አየ። ማንም ልክ መውሰድ አላስፈለገውም፤ እትዬ ያለ መከዳው መልሰው ተቀመጡበት።

እትዬ ጣይባ «ባልዲዋስ?» አሉ።

የተጠቀሰው ዕቃ ሎሚ እንደተጨመቀበት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለመዝገብ ያህል፣ በአራት ስብሰባዎች ከዚህ ዕቃ ሰብሳቢውና አቶ አብዱልፈታህ በብዛት፣ ወ/ሮ ጌጤ በመጠኑ ጠጥተዋል። እኔም ሳልጠጣ አልቀረሁም። አቶ አብዱልፈታህ ወደ ውጭ ወጥተው ቆይተው ተመልሰዋል። ባልዲው አዲስ እንደነበረ በተደጋጋሚ ተገልጿል።

ሰብሳቢው አቶ ረድዋንን፦ «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጋሼ ገብረሚካኤል፣ ልዩ ልዩ ላይ ልነግርዎት ነበር» አሉ አቶ ረድዋን።

እትዬ ጣይባ ሲስቁ የተሰበረ ዳሌያቸውን በእጃቸው ደግፈው ይዘው ነበር። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ሰብሳቢውን «ልጄ፣ አንተ ተነሥተህ መቀመጥ ትችላለህ። የሰብሳቢ ወንበር እኮ ሞልቷል» አሏቸው። ሰብሳቢው አንገታቸውን ደፍተው «እትዬ፣ አላወቅኩም» አሉ። ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ያጠፉትን ሲያምኑ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አሳዘኑኝም።

እትዬ ጣይባ ውሃ ጠየቁ። ብርቱካን ከጎረቤት በጆግ አመጣች። ሰዓቱ 10፡05 ነበር። አንዱን ብርጭቆ ሳያቋርጡ ጠጥተው ሁለተኛውን አስቀዱ። ከዚያ ሦስተኛውን። እኛም ቆመን አየናቸው፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ የምጽፍ መሰልኩ።

4. ልዩ ልዩ

ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልዩ ልዩ ላይ ተደርሷል። አቶ ረድዋን ዕድል ተሰጥቷቸው የሚናገሩት እንደሌለ ገልጸዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባና ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። የተቆለፈው መራመጃ ዛሬውኑ ወጥቶ ፈረቃው ይቅር፤ ለሁለቱም አዛውንቶች ለየራሳቸው ይሰጥ። ወንበሩ ከነመከዳው የእትዬ ጣይባ ነው፤ የሚሄደውም በቃሬዛው ላይ ተጭኖ፣ እሳቸውም በላዩ ተቀምጠው ነው። ባልዲውን ሰብሳቢው በራሳቸው እጅ በፈላ ውሃ አጥበው ያስረክቡ። ሰብሳቢው ባልዲውን ይዘው ወጥተው አጥበው ተመልሰዋል፤ በቦታውም ሰክተውታል።

ስለሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ውይይት እንደተጀመረ እትዬ ጣይባ ሦስት ብርጭቆ ውሃ መጠጣታቸውን አስታውሰው «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ውጡልኝ» አሉ። ብርቱካን ልያዝዎት ብትል «አንቺም» አሏት።

በዚህም መሠረት ስብሰባው 10፡25 ላይ ተዘግቷል። ይህ ቃለ ጉባኤ የተፈረመው ከአዳራሹ ውጭ፣ በፀሐይ፣ ቆመን ነው።