መሐሉ ዝም የሚል ዜማ

ጠጋ በሉ፤ ወዲህ ወደ ጥላው። የካርቱም በጋ የከረረበት ወር ነው። ከሰዓት በኋላ ሐቡብ የሚሉት አቧራ ይነሣና ሰማዩን በርበሬ የተነፋበት ያስመስለዋል። እስኪያልፍ ድረስ በር ዘግቶ ከማውራት ሌላ ምን ሥራ አለ?

ዜማም እንደ ሰው ዕድል አለው። አንዳንዱ ተወልዶ ውሎ ሳያድር ሰርግ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሰው ስልክ ውስጥ ገብቶ መንደሩን ይወርሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ መልክና ጠባይ ይዞ፣ የሚጠራው አጥቶ ጓዳ ይቀራል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? የማያውቁትንም ዜማ ማንም ና አይለው።

የፈረንጅ ሙዚቃ ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ሰልማ ናት። አስተማረችኝ ስላችሁ ፊደል እንኳ አልቆጠርሁም፤ እሷ ሳሎን ቆማ ከመንጃዋን፣ እናንተ ቫዮሊን የምትሉትን ማለቴ ነው፣ ስትገዘግዝ እኔ ሽንኩርት እየላጥሁ እሰማለሁ። እናቷ የእኔ ልጅ ናት፤ አባቷ ዑስማን የካርቱም ሰው ነው፤ ቤታችን ሳጃና የሚባል የካርቱም ሰፈር ነው። በእኛ በወሎዎች ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ዘሩ ይጠየቃል፤ እኔም ዜማውን ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነና ምን ጠባይ እንዳለው ሳልጠይቅ ከቤቴ አላስገባም። ሰልማ ደግሞ የታወቀ ነገር አትወድም። አንዱ፣ ጣቱ ደርቆ አልታዘዝ ላለው ጎረቤቱ አንድ ደግ ሰው የሠራለት ነው አለችኝ፤ ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚሄደው፣ ዳገትም የማይወጣው። ሌላው፣ ተኳርፈው አንድ ቤት ለሚኖሩ እኅትማማቾች የተሠራ ነው፤ አንደኛዋ ሳትጨርስ ሁለተኛዋ ከአፏ ትነጥቃታለች። እንዲህ ያለው ሳጃና ቢወለድ ኖሮ ማን ይረሳው ነበር?

ለሙዚቃ ትምህርት ቤቷ መመረቂያ ፈተና የመረጠችው ግን ከሁሉም የባሰ ያልታወቀውን ነበር። የሠሪው ስም ለምላሴ አልገራም። ብርድ አገር፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ ሚስቱ ታማ ማዶ ክፍል ተኝታለች። እንቅልፍ እንዲወስዳት ይጫወትላታል፤ መሐል ላይ ቀጥ ይልና ትተነፍስ እንደሆነ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ዜማውንም እንደዚያው አድርጎ ሠራው። የሞላ ብርጭቆ ይዞ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው በጥንቃቄ ይራመድ ይራመድና፣ መሐሉ ላይ ዝም። ረጅም ዝም።

"ከዚያስ? ዳነች?" አልኋት።

"ማ ዓርፋ፣ ሐቦባ" አለችኝ። አላውቅም፣ አያቴ፣ ማለቷ ነው።

እኔ ግን ዐወቅሁ። ባል ጆሮውን አቁሞ ያን ያህል ካዳመጠ የሚሰማ ትንፋሽ የለም ማለት ነው። ሞታለች።

ዜማው ስም ያላወጣውም በዚሁ ዝምታ ነው። ሰዉ ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል፣ ተጫዋቹ ያፍራል፣ ሁለተኛ አያነሣውም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሰልማም አልቀረላትም። ትምህርት ቤቷ ወላጆችን በጠራበት ልምምድ ላይ ዝም ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የሳጃና ጎረቤቶቻችን እልልታቸውን አቀለጡት፤ ግማሹም ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ልጅቱ ቀስቷን እንዳነሣች ቀረች። እንባዋ መጣ፤ ሳትጨርስ ወረደች።

ዑስማን ያን ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ያለውን የመኪና ዕቃ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር። ቤት ስንገባ ከሚስቱ በለቀመው አማርኛ ተነሣብኝ።

"ሐጃ፣ ልጅቱ በሰው ፊት አዋረደችኝ። በፈተናው እንዲህ ከሆነ፣ ኸላስ፣ አበቃ! ከመንጃው ይሰቀላል፣ ከእኔ ጋር ሱቅ ትቀመጣለች። የታወቀ ነገር ትጫወት!"

"ባባ፣ የታወቀውን ሁሉም ይጫወተዋል" አለች ሰልማ። "ይሄን እኔ ካልተጫወትኩት ማን ይጫወተዋል?"

"ማንም! ባይጫወቱት ማን ይሞታል?"

የፈተናው ቀን ደረሰ። የሳጃናዎቹን ሴቶች እጃችሁን ሰብስቡ ብዬ አስጠንቅቄያለሁ፤ ለቀረው ካርቱም ግን ማን ይንገረው? አዳራሹ ሞልቷል፣ ፈታኞቹ ፊት ተደርድረዋል፣ ዑስማን አጠገቤ ላቡን ይጠርጋል። ሰልማ ጀመረች፤ ሄደች፣ ሄደች፣ ዝም አለች። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከፊት ለፊቴ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሊያጨበጭብ መዳፎቹን ሲከፍት አየሁ።

እኔ ግን የማስበው ሴትዮዋን ነው። ሞት ተሰምቶ እንዴት ዝም ይባላል? ሃይማኖቷን አልጠየቅሁም፤ ሁለት መዳፌን ዘርግቼ ለሟች የሚቀራውን ፋቲሃ መቅራት ጀመርሁ።

እዚህ አገር ልቅሶ ቤት የገባ ሰው መዳፉን ከዘረጋ፣ ያለው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ አብሮት ይዘረጋል፤ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ጥያቄው በኋላ ነው። ከጎኔ ያሉት አዩኝ፤ ዘረጉ። ከኋላ ያሉት እነሱን አዩ። የወፍራሙ ሰውዬ መዳፎች ሊጋጩ ሲሉ ወደ ላይ ተገለበጡ። ፈታኞቹም ሳይቀሩ ዘረጉ። ፋቲሃው አለቀና ሁላችንም ፊታችንን አበስን፤ ያኔ ሰልማ ቀስቷን ክሩ ላይ አውርዳ ቀጠለች። ያ ሲፈራ ሲቸር የነበረ ዜማ አሁን ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ከሚወደው ሰው ራስጌ የተቀመጠ መሰለኝ።

ሲያልቅ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ልቅሶ ላይ ማን ያጨበጭባል? ዑስማን አለቀላት ብሎ ራሱን ያዘ። ራሱን እስኪይዝ ድረስ ነው እንጂ፣ ሰዉ የሟች ዘመድ መስሎት አንድ በአንድ እየመጣ ያጽናናው ጀመር።

"አል-በረካ ፊኩም" ይሉታል፤ በረከቱ በእናንተ ይቅር፣ ማለት ነው።

ዑስማን በጥርሱ መሐል "ማን ሞተ?" አለኝ።

"ሴትዮዋ።"

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"የዜማዋ።"

ምን ያድርግ? አጽናኙ ተሰልፏል። ተነሥቶ እጅ ይቀበል ጀመር። አንድ ሽማግሌ እጁን እንደያዙ "ቅርብ ዘመዳችሁ ነበረች?" አሉት።

"በልጄ በኩል" አለ ዑስማን።

ሰልማ ፈተናውን አለፈች። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ይህ ዝምታ ተከብሮ ሲያልቅ በዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ ብሎ መሰከረላት። የሱቁም ነገር በዚያው ተዳፍኖ ቀረ።

ከወራት በኋላ የሰልማ የከመንጃ መምህርት መጽሐፍ አገላብጣ ስታጣራ፣ ለካ ሴትዮዋ ድና፣ ባሏን ቀብራ፣ ሌላም አግብታ ኖራለች። ለጤነኛ ሴት ነው ፋቲሃ የቀራነው። ይሁን፤ ኋላም ቢሆን መሞቷ አልቀረም፣ ፋቲሃ ደግሞ አይሻግትም።

መምህርቷ ወደ ካይሮ ሄደች። ዜማው በሌላው ዓለም ዛሬም የሚያውቀው የለም አሉ። ዑስማን ሱቁ ውስጥ የወንድሙን ልጅ አስቀመጠ፤ እሱ ራሱ ዕቃ እየቆጠረ ያንን ዜማ ያፏጫል፣ ስህተት እየጨመረበት። ሰልማ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ልጆች ታስተምራለች። ግማሾቹ ለከመንጃው ይመጣሉ፣ ግማሾቹ ለቤቱ ቅዝቃዜ። ለቅዝቃዜው የመጡትም ሳይታወቃቸው ይማራሉ።