የወልቂጤ ዋናተኞች

ሲቪ የሚባለውን ወረቀት ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ጥፋት የሌለበት ሰው ማየት ያስጠረጥረኛል።

ወልቂጤ ያለው መሥሪያ ቤታችን አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ሊቀጥር ፈልጎ እኔን ኮሚቴ ውስጥ አስገባኝ። ሰባት ሰው አመለከተ። የሰባቱም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ውሃ መዋኘት ነው። ከአገና የመጣችው ትዋኛለች፣ ከቆሼ የመጣውም ይዋኛል። ይሄ ሁሉ ዋናተኛ የት ተደብቆ ነው የከረመው? ተነጋግረው ቢሆንስ?

ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የት እንደሚዋኙ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ስድስቱ ዓይናቸውን ሳያሹ ዋቤ ወንዝ አሉኝ። የአገናዋ ልጅ ግን አንገቷን ደፋች።

"ጋሼ፣ እኔ ውሃ እፈራለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ናት የጻፈችልኝ።"

ያዝኳቸው ብዬ በባጃጅ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ውሃ መዋኘቱን ከየት እንዳመጣችው ጸሐፊዋን አፋጠጥኳት።

"ከእርስዎ ሲቪ ነዋ፣ ጋሼ" አለችኝ ሳትደነግጥ። "እዚሁ አይደል ያስጻፉት? እርስዎ ስለተቀጠሩበት ሁሉም እንደሱ አድርጊልኝ ይለኛል።"

እኔ እንኳን ልዋኝ፣ ካፊያ ሲጥል ከቤት አልወጣም።

በማግስቱ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የአገናዋ ልጅ ትቀጠር ብዬ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ከስምንታችን እውነት የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።