እድራችን ስልክ ሲመርጥ

ሰው የሚጣላበት ጉዳይ ሲያጣ ስልክ ይገዛል። አትሳቁ! ድሮ ጎረቤት ከጎረቤት የሚኳረፈው በቆሻሻ መድፊያ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ፣ ቢበዛ በዶሮ ነበር። ኮንዶሚኒየም ገባንና ዶሮውም ቀረ። እንግዲህ በምን እንጣላ? እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ የሠለጠኑት አገሮች ለእኛ ተጨንቀው አይፎንና አንድሮይድ የሚባሉ ሁለት ነገሮች ላኩልን። ይኸው እኛም እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ውኃ በየትኛው ቀን እንደምትመጣ ሳናውቅ፣ "የትኛው ስልክ ይሻላል?" በሚለው ላይ በሁለት ጎራ ተከፍለን ሰላምታ ልናቆም ምንም አልቀረንም ነበር።

ጣጣው የመጣው በእድራችን በኩል ነው። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። እንዴት ተመረጥክ ብትሉኝ… በምርጫው ዕለት አርፍጄ። ስደርስ በሌለሁበት ተመርጬ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ማኅተሙም ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ዋናው ሥራዬ ሰው ሲሞት ለአባላት መንገር ነው። መጀመሪያ ጥሩምባ ሞክረን ነበር። ግን የብሎኩ ግማሽ ገና ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ የቀረው ደግሞ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኝቷል። ጥሩምባውን የሚሰማው ነፊው ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ሊቀመንበራችን ጋሽ በየነ ስብሰባ ጠሩ። ጋሽ በየነ ከክር ፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከስብሰባ ግን ገና አልወጡም።

"ጉዳዩ የሕዝብ ጥያቄ ነው" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "እድራችን ከዘመኑ ጋር እንዲራመድ አቅጣጫ ተቀምጧል። ለጸሐፊው ዘመናዊ ስልክ ይገዛለታል። በዚያ መልእክት ይልካል።"

አቅጣጫውን ማን እንዳስቀመጠው አልተናገሩም። እኛም አልጠየቅንም። አቅጣጫ ማለት ተቀምጦ የሚገኝ ነገር ነው እንጂ አስቀማጩ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እኔ በበኩሌ ሆዴ ውስጥ እስክስታ እየተመታ ነበር። ነጻ ስልክ! ደስታዬ የቆየው ግን ከኋላ አንድ ሰው "የትኛው ዓይነት?" ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ነው።

ሰናይት ተነሣች። ሰናይት አቃቂ ፀጉር ቤት ያላት፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ወጣት ናት። ዱባይ ያለች እህቷ አይፎን ከላከችላት ጀምሮ ስልኳን የምትይዘው ጀርባውን ወደ ሰው አዙራ ነው።

"ይቅርታ አድርጉልኝና እድር ክብሩን መጠበቅ አለበት" አለች። "አይፎን ካልሆነ ጭራሽ ባይገዛ ይሻላል።"

"የምን ክብር ነው?" ብሎ ብድግ አለ ናስር። ናስር ምድር ላይ ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ነው፤ ከእንቁላል እስከ ስልክ ባትሪ የማይሸጠው የለም። "አንድሮይድ የሕዝብ ስልክ ነው! ቻርጀር ቢጠፋብህ የትም ታገኛለህ። የአንቺ ገመድ ሲበጠስ ዱባይ ይኬድ?"

"ገመዱን ባግባቡ የሚይዝ ሰው አይበጠስበትም!"

"ሰው ሲሞት ገመድ ባግባቡ ይዘሻል ወይ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?"

ከዚያ በኋላ ስብሰባ መሆኑ ቀረ። አንዱ ስለ ካሜራ፣ አንዱ ስለ ቫይረስ፣ አንዱ ጭራሽ ስለ ታሪካዊ ጠላት ይናገራል። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን በመሐረብ ቋጥረው የያዙት ወይዘሮ አስናቀች በመሀል እጃቸውን አወጡ። "መብራት ሲጠፋ ደረጃውን የሚያበራው የቱ ነው?" አሉ። ጋሽ በየነ "ከአጀንዳ ውጪ ነው" ብለው አለፏቸው። የሚጠቅም ጥያቄ ሁልጊዜ ከአጀንዳ ውጪ ነው፤ እናንተም ብሎክ ስብሰባ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ ጋሽ በየነ ያልተጠበቀ መፍትሔ አመጡ። ሁለቱም ይገዛሉ! ሁለቱ ስልኮች ተከባብረው፣ ተቻችለው፣ በእኩልነት በእኔ ኪስ ይኖራሉ። አባላትም በየእምነታቸው ይመዘገባሉ፤ የአይፎን ወገን ከአይፎኑ፣ የአንድሮይድ ወገን ከአንድሮይዱ መልእክት ይደርሳቸዋል። ጭብጨባው መስኮት አንቀጠቀጠ።

አሁን ይኼን ስሙኝ። በብሎኩ አይፎን ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአይፎን ወገን የተመዘገበው ግን የነዋሪው ግማሽ! ገሚሱ "ወደፊት ለመግዛት ያሰብኩ" እያለ ነው የገባው። አንዱማ ያኮረፈው ጎረቤቱ አንድሮይድ ዘንድ ሲሰለፍ አይቶ ነው ወዲህ የዞረው። የአንድሮይድ ወገን ከተባሉትም አብዛኞቹ ወይዘሮ አስናቀችን የመሰሉ ባለ ቁልፍ ስልኮች ናቸው። ሕዝቡ ጎራውን መረጠ፤ ስልኩ ይደርሳል።

እኔም በግራ ኪሴ አንዱን፣ በቀኝ ኪሴ አንዱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ሁለቱንም አየቻቸው።

"ሁለተኛው ስልክ ለማን ነው?"

"ለሟች ቤተሰብ።"

"እሷም ባሏ ሞቶባት ነው?" አለችና እራቴን ጠረጴዛው ላይ በእጇ ሳይሆን በጩኸት አስቀመጠችው።

ስልኮቹ ከገቡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልሞተም። ምስጋናውን ጋሽ በየነ ለእድሩ አመራር ሰጡ። ከዚያ አባባ ደስታ ዐረፉ።

አባባ ደስታ የአቶ ወርቁ አባት ናቸው። አቶ ወርቁ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ የሰርቪስ ሹፌር ነው፤ አባቱን ከገጠር አምጥቶ ምድር ላይ ባለው ቤቱ አብረው ይኖሩ ነበር። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የሚያልፈውን ሁሉ ይመርቃሉ። ልጅ፣ አዋቂ፣ ቆጣሪ አንባቢ፣ መብራት ሊቆርጥ የመጣውን ሳይቀር! የብሎኩ ሕፃናት ጋቢያቸው ላይ ተንጠልጥለው ነው ያደጉት።

ስልኩ የተደወለልኝ ወደ ሥራ ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በአንድ እጄ ብረት ጨብጬ ቆሜ ነው።

"ወንድሜ…" አለ አቶ ወርቁ። "አባዬ ዐረፈብኝ።"

"እግዚአብሔር ያጽናህ። መጣሁ፤ አሁኑኑ ለሰው እነግራለሁ።"

አንድሮይዱን አወጣሁና በአማርኛ ፊደል አሳምሬ ጻፍኩ፤ የቀብሩን ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሁሉንም። ላክሁ። አይፎኑ ላይ ግን የአማርኛውን ፊደል እንዴት እንደማመጣ ገና አላወቅኩም ነበር። ሰናይትን እንዳልጠይቅ ደግሞ ኩራት ያዘኝ። ስለዚህ በፈረንጅ ፊደል፣ በአጭሩ "አባባ ደስታ ዐረፉ" ብዬ ጫር ጫር አደረግሁ። አውቶቡሱ ቃሊቲ መገንጠያ ላይ ሲንገጫገጭ ሳላነበው ላክሁትና ወረድኩ።

ስልኩ ምን ያድርግ? እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እንግሊዝኛ ጽፌ የተሳሳትኩ መስሎታል። "ዐረፉ" የምትለዋን አይቶ፣ አዝኖልኝ፣ በራሱ ጊዜ አረማት። "ኬርፉል" ብሎ!

አዎ። ለብሎኩ ግማሽ የደረሰው ይፋዊ የእድር መልእክት ሲተረጎም "አባባ ደስታ፣ ተጠንቀቁ!" የሚል ነበር።

እኔ ምኑን አውቄ! በታክሲ ተመልሼ ግቢው ስገባ ነገሩ ጭር ብሏል። አንድ ሕፃን ደጅ የለም። መስኮት ሁሉ ዝግ ነው። የግቢው ጥበቃ ሽብሩ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ የአቶ ወርቁ በር ላይ ተገትሯል።

"ምን ታደርጋለህ እዚህ?"

"ጠብቅ ተብዬ ነው" አለ፤ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

እድሩ ሥራውን ጀምሯል ብዬ ኮራሁ! ገባሁ። አቶ ወርቁ ከሚስቱና ከአንዲት ዘመዳቸው ጋር ቁጭ ብሏል። እጄን ያዘኝ።

"ጥበቃ ስላቆማችሁለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ። ከዚያ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ። "ግን… ሰው የት ሄደ? አባዬን ሰው የሚወደው መስሎኝ።"

ይኼኔ ናስር ሱቁን ዘግቶ ደረሰ፤ መልእክቱ እሱ ስልክ ላይ በደንብ ተነብቧል። ከኋላው ወይዘሮ አስናቀችና ሌሎች ባለ ቁልፍ ስልኮች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከትለዋል። ወይዘሮ አስናቀች ካለቀሱ በኋላ ወደ ጥግ ሳቡኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የላክህልን?" ብለው ስልካቸውን ዓይኔ ላይ ደገኑት። የእኔ ውብ አማርኛ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኗል፤ ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን… እስከ ታች።

"ታዲያ እንዴት ለቅሶ መሆኑን አወቁ?"

"ከእድር ሣጥን ሲላክ ምን ልበል? ሠርግ ነው ልበል?" አሉ። "የማን ሣጥን እንደሆነ ነው ያላወቅነው። ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ናስርን አገኘነው።"

የቀረው ግማሽስ? ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሮጥኩና የሰናይትን በር አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ የእድሩ ጸሐፊ። መልእክቱ አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል! አባባ ደስታ አሁን የት ናቸው?"

"ቤታቸው ናቸዋ!"

"በሩ ተዘግቶባቸዋል?"

"ሰናይት፣ ምን ነካሽ? ዐርፈዋል እኮ!"

"እሰይ! ዐረፉ? መርፌ ወጓቸው?"

"የምን መርፌ?"

"የእብድ ውሻውን ነዋ!"

በሩ ስንጥቅ አለና ስልክ የያዘ እጅ ብቻ ወጣ። አነበብኩት።

"ራስህ ነህ የላክኸው" አለች በስንጥቁ። "ምን ሆነው ነው ብዬ ለሽብሩ ደወልኩ። እሱም አያውቅም፣ ግን ዱላ ያዘ። አምስተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ሰሞኑን ውሻ ሲያባርሩ አይተናቸዋል፣ ሳይነክሳቸው አይቀርም አሉ…"

"ሰናይት" አልኳት፤ "አባባ ደስታ ሞተዋል።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ያ ጀርባው ለሕዝብ የሚታይ ስልክ ከእጇ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ሲሰነጠቅ ሰማሁት፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው።

"ትናንት ጠዋት 'ቀንሽ ይባረክ፣ የእኔ ልጅ' ብለውኛል" አለች። "ዛሬ እኔ በር ቆልፌባቸው…"

በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች፤ እያለቀሰች የእያንዳንዱን ቤት በር በጡጫ ደበደበች። "ውጡ! አባባ ደስታ ናቸው! ሞተዋል! ውጡ!" ቁልፎች ተንቋቁ፣ ሰንሰለቶች ተፈቱ። የአይፎን ወገን የሚባለው በሙሉ፣ ያለውም ሊገዛ ያሰበውም፣ በአንድ ደረጃ ግር ብሎ ወረደ። ድንኳኑን ናስርና ሰናይት አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እሷ ይዘው ተከሉት። ለቀብሩም በሰዓቱ ደረስን። ያን ያህል ሰው የሸኘው ሽማግሌ በግቢያችን አላየሁም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጋሽ በየነ አሉ! በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ቀስ ብለው "በመረጃ ፍሰቱ ላይ ውስንነት ታይቷል፤ ግምገማ ያስፈልጋል" አሉ። ያን ጊዜ ናስር "ድሮም አንድሮይድ ብቻ ይበቃ ነበር" ሲል፣ ሰናይት "የአንተው አይደል እንዴ ሣጥን ሲያድል የዋለው!" ስትል፣ ሹክሹክታው ጩኸት ሆነና አቶ ወርቁ ቀና አለ።

"የቱ መልእክት ነው?" አለ። "እስቲ አሳዩኝ።"

እኔ መቀመጫዬን እያየሁ የመውጫውን አቅጣጫ እለካለሁ። ሰናይት የተሰነጠቀውን ስልኳን በሁለት እጇ ሰጠችው። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይዘሮ አስናቀች ለማልቀስ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

እየሳቀ ነበር።

"አባዬን ዕድሜ ልኩን ማንም ፈርቶት አያውቅም" አለ፤ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። "ዶሮ እንኳ አትሸሸውም። እናቴ 'አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ይፍራህ!' እንዳለችው ሞተች። ይኸው በመጨረሻው ቀን ግማሹን ብሎክ በር አስቆልፎ፣ ጥበቃ በዱላ አስቁሞ ሄደ!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ ልበላችሁ? ገመዱን ያሰርነው መልእክቱን የላክነው እኛው የእድሩ ሰዎች ስለሆንን ትንሽ ነበር የቀረው።