አዲሷ፣ አሮጊቷና ቆራጩ ባሌ

የዚያ እሑድ ሰማይ ቁርጥ ባሌን ነበር። ጠዋት ዳመነና ልብሱን ከገመድ ላይ ሰበሰብኩ። ወዲያው ፀሐይ ወጣችና መልሼ አሰጣሁ። ደግሞ ትንሽ ካፊያ ጣል አደረገና ተወው። ከሰዓት በኋላ ዘመዶች ሊመክሩን ሲመጡ እርጥብ አንሶላ በክንዴ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሰማዩም አልወሰነም፣ ባሌም አልወሰነም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጁን አቁሞ የሚያስረጅ፣ ጫማ ሊገዛ ሄዶ ግራ እግሩን በቡናማው፣ ቀኝ እግሩን በጥቁሩ አድርጎ መስታወት ፊት ሲንቆራጠጥ የሚውል፣ ሱቁ ሲዘጋ በአሮጌው ጫማው ወደ ቤቱ የሚመለስ። ለእናንተ አጎት ወይም አለቃ ሆኖ ደርሷችሁ ይሆናል። ለእኔ የደረሰኝ ባል ሆኖ ነው።

የሚገርመው ሥራው መስታወት መቁረጥ ነው። ሱቁ ውስጥ ብታዩት ሌላ ሰው ነው። ማስመሪያውን ያስቀምጣል፣ መቁረጫውን አንዴ ጭርር ያደርገዋል፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀጭ፤ አለቀ። መስታወት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥማ። ከሱቁ ሲወጣ ያ እጅ የት እንደሚገባ እንጃ። ታላቅ እኅቱ "ወንድሜ ቆራጭ እንጂ ቆራጥ አይደለም" የምትለው ወዳ አይደለም።

ክቡርነታቸው ባሌ የሚወዷት አንዲት አባባል አለች፤ "እስቲ እናስብበት።" ልጃችን ስም ሳይወጣላት ድክ ድክ ማለት ጀመረች። "ለጊዜው ሚሚ እንበላት" ተባለ፤ ይኸው ዛሬ ራሷ ልጅ ወልዳ ሚሚ ናት። የሳሎኑን ቀለም ሊመርጥ ብሎ ግድግዳው ላይ እዚህም እዚያም ቀባ ቀባ አድርጎ ስለተወው፣ አዲስ እንግዳ ሲገባ ቤቱን ቆዳ በሽታ የያዘው ይመስለዋል። ለትዳር የጠየቀኝ ጊዜ እንኳ "እንጋባ ይሆን እንዴ?" ነበር ያለው። የወሰንኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት በጊዜ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ ያን ያህል ማሰብ አልተማርኩም።

ሞተር ግን አለችው። ሰማያዊ፣ ገና አዲስ የምትባል የእሽቅድምድም ሞተር፣ ባለ ስድስት መቶ ሲሲ። እንዴት መርጦ ገዛት እንዳትሉኝ፤ መሸጫው ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት እኔን ከኋላ ጭኖ፣ ልብስ የምተኩስበት ላውንድሪ ቤት ያደርሰኝና ወደ ሱቁ ይሄዳል። የኋላው መቀመጫ ከቁራሽ ዳቦ አይሰፋም፤ ያውም ከፍ ያለ ነው። ከባሌ ራስ በላይ ሆኜ ሰፈሩን እንደ ጎብኚ ባለሥልጣን እየቃኘሁ ነው የማልፈው። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዤ ቆሜ እውላለሁ። ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ሲደክምልኝ የማየው እዚያች ዳቦ ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ በሰላም እየኖርን ሳለ ባሌ የአንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ መስታወት ሊገጥም ሄደና ግቢው ውስጥ ቀይዋን ሞተር አያት። ባለ ሺህ ናት። ከሰማያዊዋ በዕድሜ እጅግ የምትበልጥ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ተቃጥሎ የጠቆረ፣ ስትነሳ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ። ለመስታወት ቆራጭ ገበያ ማምጣቷም አይቀር። ሐኪሙ ወገቡን እያመመው ስለተቸገረ "የአንተ ቀለል ያለች ናት፤ አንድ ለአንድ እንለዋወጥ" አለው። ባሌ ምን ብሎ እንደመለሰ ልንገራችሁ?

"እስቲ እናስብበት።"

ከዚያ በኋላ ነው ማሰብ የመጣው። ሊያስብ ወደ ክሊኒኩ ይመላለስ ጀመር። ዝም ብሎ ግቢ ውስጥ መቆም ሲያሳፍረው "ጥርሴን አመመኝ" ይላል። አንድ ቀን ሐኪሙ ታካሚ ስላልነበረው ወንበሩ ላይ አስተኛውና እውነትም አንዱን ነቀለለት። ጉንጩ አብጦ፣ ጥጥ ነክሶ ቤት ገባ። ተሯሩጬ ውሃ ሳቀርብለት፣ "ቀይዋ ዛሬ ታጥባ ብታያት!" አለኝ።

ለሚቀጥለው ጣጣ ሁሉ ምክንያቱ ባሌ ሞተርን "እሱ" ብሎ ጠርቶ አለማወቁ ነው። እሷ ናት። አንዷ አዲሷ፣ ሌላዋ አሮጊቷ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ፣ ከታች ያለው የታላቅ እኅቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። "አዲሷማ ታዛዥ ናት፤ ምንም አይወጣላትም። ግን ወንድሜ፣ አሮጊቷ ጉልበት አላት! ስታጓራ እኮ ልቤን ነው የምታሸብረው። አዲሷን ልስጥና ልገላገል እንዴ?"

እኅቱ ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር ቢኖር የወፍጮ ቤቱን ነው። በማግሥቱ መጥታ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ አብጧል።

"አንቺ ልጅ፣ ነገሩን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? እሱ ይምረጥ።"

"ወይ ትዕግሥት! ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጠሽ!" ብላ ደረቷን ስትመታ ነው የገባኝ። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ማርሽ እየሰማሁ ራት የበላሁ ሴት ነኝ፤ እኔስ ትንሽ መጫወት አያምረኝም?

እንግዲህ ያ እሑድ የመጣው እንዲህ ነው። እትዬ የእሷንና የባሌን አጎት፣ ጡረታ የወጡትን ዳኛ፣ ይዛ ከተፍ አለች። ሻይ ቀዳሁ፣ ብስኩት አቀረብኩ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ የሁለቱን ነገር ሰምተን ነው የመጣነው።"

የባሌ ፊት በራ። በዕድሜው ስለ ሞተር ሊያማክረው የመጣ ዘመድ አይቶ አያውቅም። "ጋሼ! እርስዎም አሰቡበት?"

"ለመሆኑ ይችኛዋ ምን አጎደለችብህ?"

"ኧረ ምንም! አልዋሽም፤ ጠዋት አንዴ ስነካት ነው የምትነሳው። ብቻ ዳገት ላይ ትደክምብኛለች።"

"ማን የማይደክም አለ!" አለች እትዬ በእንባ።

"ያችኛዋ ደግሞ አርጅታለች አሉ" ቀጠሉ ዳኛው።

"ብታረጅስ ጋሼ? ከነዕድሜዋ የዚች እጥፍ ናት!"

ዳኛው ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ባለቤት የላትም?"

"የጥርስ ሐኪሙ ነዋ። ወገቡን አመመውና አልቻላትም። ራሱ ነው አንድ ለአንድ እንለዋወጥ ያለኝ።"

"አንድ ለአንድ!" እትዬ እሪ አለች። "ምነው ጆሮዬን በደፈነው!"

ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሞክረሃታል?"

"አንዴ ብቻ ነው። ከከተማ ወጣ አድርጌያት ስመለስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"ሚስትህስ ይህን ታውቃለች?"

"እንዴ! አብራኝ ሄዳ አይታት የለም ወይ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የብስኩቱን ሳህን አነሳሁ። "ቆንጆ ናት" አልኩ። "ትንሽ ከሥሯ ዘይት ታንጠባጥባለች እንጂ።"

ዳኛው ግንባራቸውን ቋጥረው እኔን አዩ፣ ባሌን አዩ፣ ደረጃው ሥር የቆመችውን ሰማያዊ ሞተር በመስኮት አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ይቺ አሮጊት… ጎማ አላት?"

"ሁለት ነዋ! ሞተር ስንት ሊኖራት ነው?" አለ ባሌ ቅር ብሎት።

እትዬ የወረወረችው ትራስ እኔን ነው ያገኘኝ። ጥፋተኛዋ ማን እንደሆነች አልጠፋትም። ዳኛው እስኪበቃቸው ስቀው፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ሲያበቁ፣ "በሉ መዝገቡን ሳንዘጋ አንዲት ጥያቄ ቀርታኛለች" አሉ። "ቀይዋ ሁለት ሰው ትጭናለች?"

ባሌ ወለሉን አየ።

"አትጭንም ጋሼ። የኋላ መቀመጫ የላትም። ለአንድ ሰው ብቻ ናት።"

ይህንን እኔ ቀይዋን ባየሁ ዕለት አይቼዋለሁ። የኋላ መቀመጫው ቦታ ላይ ሹል ቀይ ጉብታ ነበረባት። የአውቶቡሱን ማቆሚያ አውቀዋለሁ፣ በፊትም በዚያ ነበር የምሄደው። የሆነውን መቀበል ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

"ጉልበቷንማ ያኔውኑ መርጫለሁ" አለ ባሌ፣ ጣቱን እያፍተለተለ። "ያቃተኝ ይቺ ሚስቴ የት ትቀመጣለች የሚለው ነው። ብዙ አሰብኩበት። ቦታ አጣሁላት።"

ሳህኖቹን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ምንም ሳላጥብ ውሃው ሲፈስ ቆየ። ስመለስ ፊቴን አጠንክሬ ነው።

"ለውጣት" አልኩት። "ሌሊቱን ሙሉ በሕልምህ ስታጓራብህ ከምታድር፣ እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። መስታወት ሊቆርጥ ሲል እንዲህ ነው የሚያየው፤ አንድ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጠረጴዛው ላይ መስመር ጭርር አደረገ።

"አልለውጣትም" አለ።

እስቲም የለ፣ እናስብበትም የለ። እትዬ አፏን ያዘች። ውጭ ደግሞ ዝናቡ ለየለትና ዶፉ ወረደ። ልብሴ በሙሉ ገመድ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ለሐኪሙ ቁርጡን ነገረው። ግን አንዴ መወሰን የቀመሰ ሰው አያርፍምና፣ "ያቺ መቀመጫሽ ትጠባለች፤ ትስፋ፣ ትለስልስ" ብሎ ሰማያዊዋን የመኪና ወንበር ወደሚያለብስ ሰው ወሰዳት። ሰውየው መቀመጫውን ነቀለና፣ ምን ቸገረኝ ብሎ፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው። "በቀይ ቆዳ ላልብሰው ወይስ በጥቁር?"

አሁን ባሌ ያለው እዚያ ነው። ወንበር አልባሹ ሱቅ በር ላይ፣ በአንድ እጁ ቀይ፣ በሌላ እጁ ጥቁር ቁራጭ ቆዳ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እኔ ቀዩን እንደምወድ አልነገርኩትም፤ ያስብልኝ። እስከዚያው ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው።