ሌባ የማይደፍረው ቺፕ

(ሺንቹ ከተማ፤ የቺፕ ንድፍ መሥሪያ ቤት። ሊያኦ ንድፉን ከሌባ የሚጠብቅ የሚስጥር ቁልፍ ሠርቷል፤ ትክክለኛው ቁልፍ ካልተጻፈ ቺፑ መሥራት የለበትም። የበታቹ ፖሸንግ ሌባ ሆኖ እንዲፈትሸው ታዟል። ኃላፊዋ ወይዘሮ ጂያንግ ከምሳ በኋላ ሊያዩት ይመጣሉ፤ ቁልፉ ከወደቀ ሊያኦ የቋመጠለት ሹመትም አብሮ ይወድቃል። አሁን ግን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ የመክሰስ እሽግ ላይ አፍጥጧል።)

ሊያኦ፦ ቢጫ! ኮምፒውተር ላይ ቢጫ እሽግ ይቀመጣል?

ፖሸንግ፦ አረንጓዴው አልቆ ነው፣ አለቃ። ጣዕሙ ግን...

ሊያኦ፦ ማን ቅመስ አለህ! ማሽን የሚታዘዘው በአረንጓዴ ነው። ቢጫ ካስቀመጥክበት ያብዳል። ይኼን የሺንቹ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል!

ፖሸንግ፦ ለካ ለዚህ ነው የተከፈተው።

ሊያኦ፦ (ደንግጦ) ምኑ?

ፖሸንግ፦ የአማቴን ስልክ ቁጥር ብሰጠው ቺፑ ደህና አድርጎ ሠራ።

ሊያኦ፦ ትክክለኛው ቁልፍ የአማትህ ስልክ ነው?

ፖሸንግ፦ ኧረ አይደለም።

ሊያኦ፦ እና አልሰበርከውማ! ቁልፉን መቼ አገኘኸው?

ፖሸንግ፦ አላገኘሁትም። ቺፑ ግን ይሠራል።

ሊያኦ፦ በተሳሳተ ቁልፍ!

ፖሸንግ፦ አዎ፣ በተሳሳተ ቁልፍ በትክክል ይሠራል።

ሊያኦ፦ ነገሩ ረቂቅ ስለሆነ አይገባህም። ሌባው ሚስጥሩን ሳያውቅ ይቀራል!

ፖሸንግ፦ ምስኪን! ቺፑን እየሸጠ ሲቆጭ ይኖራላ።

(ሊያኦ ከጎረቤት ክፍል አረንጓዴ እሽግ ለምኖ አመጣ። ማሽኑ ላይ አስቀምጦ፣ እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሳ።)

ሊያኦ፦ በል፣ አሁን ያሻህን ጻፍ።

ፖሸንግ፦ የጫማዬን ቁጥር... ሠራ። ባዶውን ብተወውስ? ሠራ! እንዴት ያለ ጨዋ ቺፕ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ሊያኦ፦ እሽጉን እየው፤ ጊዜው አልፎበት ይሆናል!

ፖሸንግ፦ ገና ነው። ለመሆኑ እርስዎ በራስዎ ቁልፍ ሞክረውታል?

ሊያኦ፦ እኔ? የሠራሁት ሰውዬ ምኑን እሞክራለሁ? መሞከር የሌባ ሥራ ነው!

(በሩ ተንኳኳ።)

ሊያኦ፦ መጡ! ዞር በል፣ እውነተኛውን ቁልፍ አስገብቼ ላሳያቸው።

(ጻፈ። ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ጮኸ፦ «ሐሰተኛ ቁልፍ! ቺፑ ታግዷል!»)

ሊያኦ፦ (ላብ እያጠመቀው) ገልብጬ... ገልብጬ ነው እንዴ ያገናኘሁት?

ፖሸንግ፦ (በሩን በደስታ ከፍቶ) ይግቡ፣ እመቤቴ! ተመስገን፣ ቁልፉ ሠራ፤ ይኸው አንድ ሌባ ያዘልን!