ዝም ለማለት እጅ የሚወጣበት ስብሰባ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ጉድ የሆነ ሕልም አየሁ። ከመተኛቴ በፊት የሥራ ባልደረባዬ ምንተስኖት ያዋሰኝን ልብወለድ ጨርሼ ነበር። ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ላይ ሪፖርት የሚጽፍበት አገር ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ዋናው ሰውዬ የልብ ጓደኛውን አሳልፎ ይሰጣል። "ወይ ፈሪ!" አልኩና መጽሐፉን ወርውሬ ተኛሁ።

በሕልሜ መሥሪያ ቤታችን ሄድኩ። በር ላይ አንዲት አህያ ትፈትሻለች።

"መሣሪያ? ስለት? ሐሳብ?"

"ምንም የለኝም።"

"ግባ።"

ውስጥ ሠራተኞቹ ረጅም ሰልፍ ይዘዋል። ባለጉዳዮቹ መስኮቱ ውስጥ ቁጭ ብለው "ነገ ኑ" ይሏቸዋል። እኔ ሰልፉን አልፌ አዳራሽ ገባሁ፤ ዓርብ ዕለት፣ በእውን፣ ምንተስኖት የተገመገመበት አዳራሽ። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ለአንዲት እናት "እማማ፣ አይድከሙ፣ የአስተያየት ሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው" ብሎ እውነቱን ነገራቸው። በቃ ይሄው ነው።

በሕልሜ ሰብሳቢው ራሱ ሣጥኑ ነበር። ሰው ሁሉ ባንዴ ያወራል። ዝም ለማለት ነው እጅ የሚወጣው። አወጣሁ።

"እሺ፣ አንተ ከኋላ?"

"ዝም ማለት ፈልጌ ነበር።"

"ለስንት ደቂቃ?"

"ስብሰባው እስኪያልቅ።"

"ተፈቅዷል! ይጨብጨብለት!"

አጨበጨቡልኝ። ዞር ስል የልብወለዱ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ መጽሐፍ አለ፣ ሽፋኑ ላይ የኔ ፎቶ።

"ጨረስኩህ" አለኝ።

"እንዴት ነኝ?"

"አጀማመርህ ቆንጆ ነበር። መጨረሻህ ጋ ስደርስ ግን ወረወርኩህ።"

"እንዴ! እኔ እንዳንተ ጓደኛዬን አሳልፌ ሰጠሁ እንዴ?"

"እኔንስ እሺ፣ ገርፈውኝ ነው። አንተን ምን አድርገውህ ነው?"

አሰብኩ። "ምንም። የታሸገ ውሃ ሰጡን።"

ይሄኔ ወረቀቶች በሰልፍ ገቡ። እዚያ አገር ወረቀት ነው ሰው ላይ የሚፈርመው። እየዞሩ የሁሉም ሰው ግንባር ላይ ይፈርማሉ። ምንተስኖት ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ወደኔ ያያል። "ልጁ ምንም አላጠፋም!" ልል አፌን ከፈትኩ።

"ፈቃድህ አላለቀም" አለ ሣጥኑ። ድምፄ ጠፋ። ወረቀቱ ደረሰና ግንባሬ ላይ ይነዝረኝ ጀመር።

ነቃሁ። ስልኬ ነው፣ ትራሱ ላይ ግንባሬ ሥር ይንዘፈዘፋል። ምንተስኖት።

"አንተ! ጨረስከው?"

"አዎ፣ አሁን።"

"ሰውዬውስ?"

"ያው... ምን ያድርግ" አልኩ።

ሳቀ። "ስማ፣ ነገ ዕቃዬን ጭኜ ወደተዛወርኩበት መጋዘን ልሄድ ነው። ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው አሉ። ሳልሄድ አንድ ነገር ልበልህ ብዬ ነው የደወልኩት።"

"ምን?"

"ዓርብ ዕለት ያ ሁሉ ሰው እየተነሳ ሲቀጠቅጠኝ አንተ ብቻ ዝም አልክ። ተባረክ ወንድሜ። አልረሳልህም። መጽሐፉንም ውሰደው፣ ያንተ ይሁን።"

"እሺ" አልኩት። ዘጋ።

ይዛወር የሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ የኔ ፊርማ ሦስተኛው ነው።